አቡጀዲው ባዶውን አይመለስም

ልጄ ብርክቲ ባለፈው ወር ከሥራ ስትመለስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ፣ «አደይ፣ የአዲስ አበባዋ ዘነበች ጡረታ ልትወጣ ነው። ክሊራንስ ግን ከለከሏት» አለችኝ።

ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላዋ አስቀመጥኩ። «በምን ምክንያት?» አልኩ፤ ልቤ ግን ቀድሞ አውቆት ነበር።

«በዚያ መጽሐፍ ነዋ! በስሟ ወጥቶ፣ መቀሌ ሄዶ አልተመለሰም ተብሎ ተይዞባታል። እሷ ደግሞ ‹አልጠፋም፣ መቀሌ አለ፣ ይመጣል› ትላለች አሉ። ይስቁባታል።»

ይስቁባታል የሚለው ቃል ነው ያስነሳኝ። መኝታ ክፍል ገብቼ ሳንዱቁን ከፈትኩ። ከብርድ ልብሶቹ ሥር፣ በአቡጀዲ ጨርቅ የተሰፋው ጥቅል እንዳስቀመጥኩት አለ። ሳነሳው ሽታው መጣ፤ የኮላ፣ የአሮጌ ወረቀት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የበርበሬ። ይህን ሽታ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ከእኔና ከዘነበች ሌላ ያለ አይመስለኝም። ዘነበችን ደግሞ በዓይኔ አይቻት አላውቅም ነበር።

ብርክቲ መቀስ ይዛ ተከትላኝ ገባች። «ቀደን እንክፈተውና ስካን አድርጌ በኢሜይል ልላክላቸው። በእጃችን መኖሩን ይዩት።»

«መቀሱን አስቀምጪ!» ብዬ ጮህኩ። ሕፃን ሳለች እሳት ልትነካ ስትል የምጮህባት ጩኸት ነበር።

«አደይ፣ ጨርቅ እኮ ነው!»

ጨርቅ ብቻ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለመናገር ግን ወደ ኋላ ብዙ መሄድ አለብኝ።

የተወለድኩት ወልድያ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቆምኩ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ግንበኛ ነበር፤ ሥራ ተከትለን መቀሌ ገባን። ያኔ ከተማዋ ትንሽ ነበረች። ዛሬ ሆቴሉና ካፌው የተደረደረበት የሓወልቲ ዳርቻ ገብስ ይታጨድበት ነበር። ከገበያ ወደ ቤት የምንመለሰው በጋሪ ነው፤ ባለጋሪው ፈረሱን በትግርኛ ሲቆጣ እኔ በአማርኛ ለፈረሱ እማልድ ነበር። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፣ ከረሜላም የሚሸጠው በፍሬ ነው። ወጣቱ ሁሉ ጥቁር የፕላስቲክ ጫማ፣ ሺዳ፣ ይጫማል፤ ማሰሪያው ሲበጠስ በጋለ ቢላዋ ያጣብቁታል፣ የሚቃጠለው ፕላስቲክ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ጨርቅ ተራው ጥግ አንድ ካሴት ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ይደጋግመዋል። ትግርኛዬን ግማሹን ከጎረቤት፣ ግማሹን ከዚያ ካሴት ቤት በር ላይ ቆሜ ነው የለቀምኩት። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የስልክ ካርድና የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ሳልፍ አሁንም ቀስ እላለሁ፤ እግሬ ዘፈኑን ይጠብቃል።

እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የተቀጠርኩት ስፌት ስለምችል ነው። መጽሔት ያኔ በወረቀት ይመጣ ነበር፤ ስስ ስስ ሆኖ፣ አንዳንዴ ተከታትሎ፣ አንዳንዴ አንድ ቁጥር ዘልሎ። ዓመቱ ሲሞላ እኛ ጥረዛ ክፍል ያለነው ሴቶች ሰም በተቀባ ክር ሰፍተን፣ በእንጨት መጭመቂያ አሳድረን፣ ጠንካራ ልባስ አልብሰን አንድ ወፍራም መጽሐፍ እናደርገዋለን። የውስጡን እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም። ምስሉን ግን አያለሁ፤ በሬ ካለበት የእንስሳት፣ አፈር ካለበት የእርሻ እላለሁ፣ ብዙ ጊዜም አልሳሳትም።

ሁሉ ነገር ያለው ቤተ መጻሕፍት የለም። እኛ ዘንድ የሌለው ሌላው ዘንድ ይኖራል። መምህሩ ወይም ተማሪው የፈለገው መጽሔት ከሌለን፣ ላለው ቤተ መጻሕፍት ይደወልና በውሰት ይመጣል፤ እኛም እንደዚያው እናውሳለን። የሚያውሰው ሠራተኛ መጽሐፉን በራሱ ስም ያወጣዋል፤ እስኪመለስ ድረስ ዋሱ እሱ ነው። የእኛ ደንበኛ አዲስ አበባ ያለ አንድ ኮሌጅ ነበር። ጥቅሉን በአቡጀዲ እሰፋና፣ ፖስታ ቤቱ ስለሚዘገይ፣ ለአውቶቡስ ሹፌር ለአያ ግደይ እሰጠዋለሁ። አያ ግደይ ጥቅሉን ፖርቶ መጋላ ላይ አይሰቅለውም፤ ከመቀመጫው ሥር ያደርገዋል። መንገድ ላይ ሲያድር ደግሞ አልጋ ቤት ይዞት ገብቶ ይንተራሰዋል። «አንቺ የሺ» ይለኝ ነበር፣ «ይኸን ሁሉ ዓመት ተንተርሼው አንድ እንግሊዝኛ እንኳ በጆሮዬ አልገባም። ከስፌትሽ ነው፣ አላሳልፍ ብሎ!»

ስፌቴ የኩንታል አፍ የሚሰፋበት ዓይነት ነው። እህል የገዛ ሰው ያውቀዋል፤ ትክክለኛውን ጫፍ ካገኘህ አንድ ጊዜ ስትስበው ትርርር ብሎ ይፈታል፤ በሌላው ጫፍ ከሳብከው ግን ይበልጥ ይተበተባል። በመጀመሪያው ጥቅል ጊዜ የአለቃዬ ቢሮ ስልክ ጮኸና ተጠራሁ።

«ማን ልበል?» አለኝ አንድ ወፍራም የሴት ድምፅ።

«የሺ ነኝ፣ ከጥረዛ ክፍል።»

«ዘነበች እባላለሁ። ጥቅልሽ ደርሷል። ግን ምን ዓይነት ድግምት ነው የሰፋሽበት? አልፈታ አለኝ። በመቀስ ልቅደደው?»

«እንዳትነኪው! ጨርቁ ያጥራል። በስተግራ በኩል ትንሽ ቋጠሮ አለች፤ እሷን ፍቺና ሳቢ።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ተሰማኝ። ከዚያ ከሩቅ ትርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከኋላው ሳቅ ተከተለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም እንደ እኔ መስፋት ያዘች። ያ አንድ ጨርቅ ሳይቀደድ፣ ሳያጥር፣ ስንት ዓመት ተመላለሰ!

ባዶውንም ተመልሶ አያውቅም። ዘነበች መጀመሪያ የላከችልኝ መጽሐፍ ውስጥ ከረሜላ ነበረበት፤ «ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ፤ ለልጅሽ ነው» አለችኝ በስልክ። ብርክቲ ያኔ ጥርሷን የምትነቅልበት ዕድሜ ላይ ነበረች። እኔ በምላሹ ራሴ ያስፈጨሁትን በርበሬ ቋጥሬ ላክሁ። ቋጠሮው መንገድ ላይ ላልቶ ኖሮ፣ አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር መጽሔቱን ንባብ ክፍል ውስጥ ገልጠው ያነጥሱ ጀመር፤ እሳቸው ሲያነጥሱ ጎረቤታቸው፣ ጎረቤታቸው ሲያነጥስ መላው ክፍል። ክስ ተጻፈ። አለቃዬ ጠርቶኝ፣ «የሺ፣ በርበሬ ከመጽሐፍ ጋር ይላካል እንዴ?» አለኝ። «ታዲያ ብቻውን መንገድ ይግባ?» አልኩት። ተቆጣ። እኔ ግን አልተውኩትም፤ በላስቲክ ደርቤ መላኬን ቀጠልኩ። ሰዎቹ አራት መቶ ገጽ ሙሉ ዕውቀት ሲልኩልኝ እኔ ጨርቄን ብቻ ልመልስ? አላደርገውም።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። «ከእንግዲህ መጽሔት በወረቀት አይገባም» ተባለና ጥረዛ ክፍሉ ተዘጋ፤ እኔ መደርደሪያ አስተካካይ ሆንኩ፣ መጭመቂያውን ማንም ስላልፈለገው ቤቴ ወሰድኩት። ብርክቲ ቃላሚኖ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ ስትማር ብርድ ልብሱ ይበቃት እንደሆነ ለማየት በየእሑዱ እመላለስ የነበርኩት ሴት፣ እሷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እኔው ያለሁበት ቤተ መጻሕፍት ስትቀጠር ደስታዬን አልቻልኩትም። የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶቹን ኃላፊነት ሰጧት።

«የት ናቸው መጽሔቶቹ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ባሕር ማዶ፣ ኮምፒውተር ውስጥ። እኛ የምንከፍለው ለመግቢያው ነው።»

«መክፈል ብናቆምስ?»

«ይዘጋል። የከፈልንባቸው ዓመታት አንዳንዱ ይቀርልናል፣ አንዳንዱ አይቀርም። እንደ ውሉ ነው።»

«ተከራይተናል በይኛ!»

«ሓቂ፣ እውነትሽን ነው፣ ተከራይተናል» ብላ ሳቀች።

አልናቅሁትም። አያ ግደይ መንገድ አድሮ የሚያመጣው ጽሑፍ ሻዩ ሳይበርድ ሲደርስ አይቻለሁ። ሥራው ግን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ብርክቲ ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ ስትከፍት ትውላለች፤ አለን የተባለው መጽሔት ሲነካ አይከፈትም፣ ወይ ያለፉት ዓመታት ብቻ ይከፈታሉ፣ ወይ ያለፉት ጎድለው አዲሶቹ ብቻ አሉ። የጎደለውን ለሌላ ቤተ መጻሕፍት ትጽፋለች። ከዘነበች ኮሌጅ ሄኖክ የሚባል ልጅ ይልክላታል። «ድምፁ እንዴት ነው?» አልኳት። «አደይ፣ ኢሜይል ድምፅ የለውም!» አለችኝ። አሳዘነችኝ። ሥራዋ ግን ከእኔ ሥራ የተለየ አልመሰለኝም፤ የማያውቁትን ሰው አምኖ መስጠት ነው።

በጦርነቱ መንገዱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ ከጎጃም የመጣ አንድ የእንስሳት ሐኪም መምህር ስለ ግመል በሽታ የሚያወራ አሮጌ መጽሔት ፈለገ። የዚያ መጽሔት የኤሌክትሮኒኩ ዘመን የሚጀምረው መምህሩ ከፈለገው ዓመት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ዘነበች ወረቀቱን፣ በዚያው በእኛ አቡጀዲ ሰፍታ ላከችው። መምህሩ አንብቦ እንደጨረሰ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሰናበተኝ፣ «እማማ የሺ፣ አደራ፣ እንዲመለስልኝ» አለኝ። በነጋታው ሰፋሁት። አውቶቡሱ ግን አልተነሳም። በሚቀጥለውም ሳምንት አልተነሳም።

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። በር ቆልፌ ተመልሼ የምፈትሽ፣ ልጄ አዲግራት ስትሄድ ከመንገድ ሦስት ጊዜ ደውዪ የምል። ስለፈራሁም ጥቅሉን ቤቴ ወሰድኩት፤ ገብስ በርሜል ውስጥ፣ ከገብሱ ሥር ቀበርኩት። መብራቱም ስልኩም ባንኩም ጠፋ። የብርክቲ መጽሔቶች፣ እነዚያ ሁሉ፣ አንድ ጠዋት አልነበሩም። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ውስጡ ግን ባዶ ቤት ነው። ልጄ ከሥራ ቦታዋ ተመልሳ ግድግዳውን ስታይ የዋለችበትን ቀን አልረሳውም።

ገብሱ እየጎደለ ሄደና አቡጀዲው ታየ። ጎረቤቴ ለተብርሃን አየችው። ማገዶ የጠፋበት ጊዜ ነበር።

«አደይ የሺ፣ ይኼ ወፍራም ነገር ወረቀት አይደለም? እሳት ያቀጣጥልልናል እኮ።»

«የሰው ነው» አልኳት።

«ሰውየው የት አለና? ማዶ ነው ያለው። ረስቶሻል።»

«እሱ ቢረሳኝ እኔ አልረሳሁትም።»

«ወይ ጉድ! እኛ በብርድ ስንሞት መጽሐፉ ይሞቀዋል!»

እውነቷን ነበር፣ ይሞቀው ነበር። ያን ዕለት ያነደድነው የጥረዛ መጭመቂያውን ነው። ጠንካራ እንጨት ስለነበር ረጅም ሰዓት ነደደ። ለተብርሃን ልጆቿን አምጥታ አብረን ሞቅን። አለቀስኩ እንዴ? አላለቀስኩም። እንጨቱ የእኔ ነበር፣ መጽሐፉ ግን የእኔ አልነበረም።

መንገዱ ሲከፈት የዘነበች ስልክ አልሠራ አለ። አያ ግደይን አፈላለግሁ፤ ቀብሩ ላይ እንኳ ሳልደርስ ቀርቻለሁ። ለማላውቀው ሹፌር መስጠት አስፈራኝ። አዲሱ አለቃችን ደግሞ፣ «ወይዘሮ የሺ፣ አሁን የዚያ መጽሔት አሮጌ ዓመታት ሳይቀሩ ኢንተርኔት ላይ ገብተዋል። ወረቀቱን ማንም አይጠይቅሽም፣ ተዪው» አለኝ። ጡረታዬን ይዤ ወጣሁ፣ ጥቅሉም ከበርሜል ወደ ሳንዱቅ ተዛወረ። ይኸው ግን ጠያቂ ነበረው። ዘነበች በስሟ ተይዞባት፣ እየተሳቀባት፣ ‹ይመጣል› እያለች ተቀምጣለች።

«ራሴ እወስደዋለሁ» አልኩ ለብርክቲ።

«ኢሜይል ይበቃል፣ አደይ! ደብዳቤም እናጽፋለን። በዚህ መንገድ፣ በዚህ ዕድሜሽ?»

«የተያዘባት መጽሐፍ እንጂ የመጽሐፍ ፎቶ አይደለም።»

«ብትፈሪስ?»

«እየፈራሁ እሄዳለሁ። አሁን ደግሞ አንቺ ሦስት ጊዜ ደውዪ።»

ሄድኩ። ጥቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አዲስ ያስፈጨሁትን በርበሬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ። መንገድ ላይ ፈታሽ ገብቶ ጥቅሉን ዳሰሰና፣ «እማማ፣ ምንድን ነው?» አለኝ። «መጽሐፍ ነው። የታመመ ግመል አለበት።» አሸተተው፣ ተሳፋሪው ሳቀ፣ እሱም ስቆ አለፈ። ወልድያ ስንደርስ በመስኮቱ የትውልድ ሰፈሬን አየሁ፤ እንደ ድሮው ቢሆን ወርጄ ዘመድ እጠይቅ ነበር። አልወረድኩም። አደራ የያዘ ሰው ዘመድ አይጠይቅም፣ መጀመሪያ ያደርሳል።

ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ላይ ባንኮኒ አለ። ከባንኮኒው ወዲያ አንድ ወጣት ልጅ ኮምፒውተር ላይ፣ አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ጋዜጣ ላይ፣ ከወዲህ ደግሞ አንዲት ቀጭን አጭር ሴት እንደ ባለጉዳይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዘነበችን በዚያ ወፍራም ድምፅዋ ረጅምና ደንዳና አድርጌ ነበር የሣልኳት። ማንንም ሳልጠይቅ ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ቀጭኗ ሴት ብድግ አለች። እኔን አላየችም፣ ስፌቱን ነው ያየችው።

«የሺ?» አለች። ድምፁ ያው ነው።

«ዘኑ? ምነው እንዲህ አነስሽ!»

«አንቺስ? በስልክ ቀጭን ነበርሽ እኮ!»

ተቃቀፍን። ትከሻዋ ላይ ትንሽ አለቀስኩ፣ እሷም እኔ ላይ። ሽማግሌው ጋዜጣውን አጥፎ፣ «መጣ እንዴ? እኔስ ሲያወሩት ተረት ነበር የሚመስለኝ» አለ። ዘነበች ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

ወጣቱ፣ «መቀስ ልስጥዎት?» አለ።

«እንዳትነካው!» ብለን ሁለታችንም አንድ ላይ ጮህን። ዘነበች በስተግራ ያለችውን ቋጠሮ ፈታችና ሳበች። ትርርር። መጽሐፉ እንደሄደ መጣ፤ ግመሉም አለ፣ ልባሱም አለ። ሽማግሌው አነጠሰ። «ከመቀሌ መምጣቱ በዚህ ይታወቃል» አለችው ዘነበች፣ አሁን ዞር ብላ። ወጣቱ ኮምፒውተሩ ላይ ተመልሷል ብሎ አስገባ፣ ክሊራንሷ ላይም ፈረመላት።

እሷ ግን ወረቀቱን ወደ ቦርሳዋ አልከተተችም። አቡጀዲውን በእጇ እያለሰለሰች ቆመች። «ሄኖክ» አለችው ወጣቱን፣ «ያቺ የመቀሌዋ ልጅ የጠየቀችህ፣ ኢንተርኔት ላይ የሌለው አሮጌ ቅጽ አለ አይደል?»

«አለ። ግን እትዬ ዘነበች፣ ወረቀት ወደ መቀሌ መላክ ካቆምን ቆየን። የማይመለስ ነው እየተባለ።» አንገቱን ደፋ። «ደግሞ እርስዎ ከዛሬ ጀምሮ የሉም። በማን ስም ይወጣል?»

እኔ የተመለሰውን መጽሐፍ በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። «መቀሌ የሄደ መጽሐፍ ይኸውልህ» አልኩት። «ከርሟል፣ በርበሬ ይሸታል፣ ግን አንድ ገጽ አልጎደለውም። ሌላ የምልህ የለኝም። ለልመናም አልመጣሁም።»

ልጁ አየኝ። «የብርክቲ እናት ነዎት?»

«ነኝ።»

ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ። ሲመለስ አንድ ወፍራም ቅጽ ታቅፏል። ኮምፒውተሩ ላይ ጥቂት ጻፈ፣ ከዚያ የራሱን ስም አስገባ። ሽማግሌው «ኋላ እንዳታለቅስ» ቢለው፣ «ይመለሳል» አለ፤ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ለብርክቲ እነግራታለሁ። ዘነበች የበርበሬ ቋጠሮዬን ተቀበለችኝ፣ አቡጀዲውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋን፣ መርፌዬን ከነጠላዬ ጫፍ ነቅዬ አንዱን ጎን እኔ፣ አንዱን ጎን እሷ ሰፋን።

አውቶቡሱ ከከተማው ሲወጣ ብርክቲ ደወለች።

«አደይ፣ ተቀበሉሽ? ዘነበች ክሊራንሷን አገኘች?»

«አግኝታለች። እኔም እየተመለስኩ ነው፣ ሌላ ይዤ።»

«ሌላ ምን?»

«ሌላ አደራ። በሄኖክ ስም የወጣ።»

«እንታይ ደኣ፣ ምን ማለትሽ ነው፣ አደይ! ገና አንዱን ከመመለስሽ?»

«አዎ፣ ገና አንዱን ከመመለሴ። እና መቀሱን ደብቂ። ቋጠሮዋ በስተግራ ናት፤ የዚህኛውን ክር አንቺ ነሽ የምትስቢው።»